እጅ ከውሃ

ማሽኑ ለምን በሸዋሉል እጅ ብቻ ይቆማል?

ኢቲዳል ይህን ጥያቄ ይዛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ ቆይታለች። ክፍሉ ዱሮ የሆስፒታሉ መድኃኒት ማስቀመጫ ነበር፤ አራት እርምጃ ከሄዱ ያልቃል። ማቀዝቀዣው ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ የተቀመጠው ባልዲ ሊሞላ ነው። በእጇ የያዘችውን ወረቀት ታጥፈዋለች፣ መልሳ ትዘረጋዋለች። ግርጌው ላይ የራሷ ፊርማ አለ።

"የመዝገብ ሥርዓቱ በተደጋጋሚ የቆመው በተጠቃሚዋ የጥንቃቄ ጉድለት ነው" ይላል ወረቀቱ። ከሃያ ቀን በፊት፣ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ፣ በአሥር ደቂቃ ጽፋ የፈረመችው ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴው በዚህ ወረቀት መነሻነት ሸዋሉልን ከሥራ ማሰናበት አለማሰናበቱን ይወስናል።

ሸዋሉል ካርድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ጸሐፊ ናት። ሰርቨሩ ከገባ ወዲህ መዝገቡ አራት ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አራቱንም ጊዜ ኪቦርዱ ላይ የነበረችው እሷ ናት። በአራተኛው የአንድ ሙሉ ጠዋት ካርድ ጠፋ። አንድ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት የደም ውጤታቸው አብሮ ስለጠፋ እንደገና ወረፋ ሲጠብቁ ኮሪደር ላይ ወደቁ። ተረፉ፤ ግን ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረ። ሸዋሉል ከሥራ ታገደች። ከታገደች ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ በአሥራ ስድስቱም ቀን ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም።

"ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?" ብሏት ነበር የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ይልቃል።

አንድ ነገር ግን ከውስጧ አልወጣ ብሏል። ማሽኑን የሚነዳው ፕሮግራም የራሷ ነው። ውጭ አገር፣ ኢዝሚር ሰባት ዓመት ተምራ የመመረቂያ ሥራ ብላ የጻፈችው፣ መምህሯ ሙሉ ነጥብ የሰጣት ፕሮግራም። ሆስፒታሉ ያለው ትልቅ ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ የኢቲዳል ፕሮግራም በዚያ በአንዱ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች እንዲኖሩ ያደርጋል። አንዱ ለካርድ ክፍል፣ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ለፋርማሲ። ብረት የሌላቸው፣ በፕሮግራም ብቻ የቆሙ፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ ናቸው። እያንዳንዳቸው አራት ፕሮሰሰር አላቸው፤ አራት ሠራተኛ እንደማለት ነው። ሜሞሪውን የሚካፈሉት ከትልቁ ነው፤ አንዱ ሥራ ሲበዛበት ከሌላው ላይ ተወስዶ ይጨመርለታል። የትኛው ቦታ የማን እንደሆነ በካርታ ተይዟል፤ ካርታውን እየሰረዘ የሚያርመውም ይኸው ፕሮግራም ነው።

ሪፖርቱን ስትጽፍ የራሷን ሥራ ከፍታ ማየት አልታሰባትም ነበር። ከፈረመች በኋላ ግን እንቅልፍ አጣች። አሥራ አንድ ሺህ መስመሩን አንድ በአንድ አነበበችው። እያንዳንዱ መስመር ልክ ነው። ታዲያ ስህተቱ የሸዋሉል ነው ማለት ነው? ወይስ እሷ ማየት አልቻለችም? ወደ አሶሳ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው፤ ሻንጣዋ አሁንም አልጋዋ ሥር በግማሽ እንደታጨቀ ነው። በሰባት ዓመት የተማረችው እዚህ መሬት ላይ ይሠራ አይሠራ ራሷም አታውቅም።

ባልዲውን አንሥታ ውጭ ደፋችና ወደ ካርድ ክፍሉ ሄደች። አክስቷ ዓኢሻ ትናንት ከመንጌ መጥታ እሷ ጋ ነው ያደረችው፤ ወገቧን ለመታየት ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ናት።

ሰልፉ ከመስኮቱ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ እስካለው የማንጎ ዛፍ ደርሷል። ከመስኮቱ ጀርባ ከንብረት ክፍል በውሰት የመጣው ደባልቄ ተቀምጧል። ጠቋሚ ጣቱን አንሥቶ ኪቦርዱ ላይ እንደ ጭልፊት ያንዣብባል፤ ፊደሉን ሲያገኝ ይወርድበታል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ስክሪኑን ያያል። ወረፋው አሁን የዓኢሻ ነው።

"የአባት ስም?"

"መጀመሪያ የኔን ጨርስ" አለች ዓኢሻ። የቤቷ ቋንቋ በርታኛ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያ ያህል የተማረችው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ አንቀጽ ትጠራለች። "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አንተ ፊደል ነው የሚፈልግ፣ ወርቅ ነው የሚፈልግ?"

ሰልፉ ሳቀ። ደባልቄም ሳቀ። "እማማ፣ ወርቅ ባገኝማ እዚህ ምን አስቀምጦኝ?"

"በአንድ ጣት አይገኝም። ወርቅ በሁለት እጅ ነው።"

ደባልቄ ኢቲዳልን ሲያይ ፊቱ በራ። "ኢንጂነር! አየሽልኝ? አሥራ ስድስት ቀን። ማሽኑ አስነጥሶ እንኳ አያውቅም። ነገሩ እጅ ነው፣ እጅ! ብረትም ሰው ያውቃል።"

"በቀን ስንት ካርድ ታወጣለህ?"

"ከሠላሳ አላንስም" አለ ኮራ ብሎ።

ኢቲዳል ሰልፉን ወደ ኋላ አየችው። በሸዋሉል ጊዜ ዘጠና ካርድ ይወጣ እንደነበር መዝገቡ ላይ አይታለች፤ በአራት ሰዓት ግቢው ባዶ ይሆን ነበር። ሠላሳና ዘጠና። ቁጥሮቹ አእምሮዋ ውስጥ ሄደው አንድ ነገር አጠገብ ቆሙ፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘችውም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አክስቷን ፍለጋ ወጣች። ዓኢሻ ካርዷን ይዛ ማንጎው ሥር ካለው የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጣችውን ከርከዴ ከአንዲት ሴት ጋር ትጠጣለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ሴትዮዋ ዞር ስትል ኢቲዳል እርምጃዋን ገታች። ሸዋሉል ነበረች። በሻይ ቀለም ቀሚስና በታጠበ ነጠላ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ተሰናድታ ቀድማ መጥታለች።

ሳቋ ጠፋ። "ደህና ዋልሽ" አለች።

"ደህና ዋልሽ፣ ሸዋሉል።"

"ስብሰባው እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከባምባሲ የሚመጣው መኪና ጠዋት ብቻ ስለሆነ ነው፤ ለነገር የመጣሁ እንዳይመስልሽ።"

"ምንም አልመሰለኝም።"

"ይሄ ሴት ጥሩ ሰው ነው" አለች ዓኢሻ በመካከላቸው ያለውን ሳታውቅ። "ያ ቢንቲ፣ ና ተቀመጥ። ወገቤ ለምን እንደሚያም ነው የምነግረው።"

"ሆዴ፣ ይቀጥሉልኝ እንጂ" አለች ሸዋሉል ወደ ዓኢሻ ብቻ እያየች። ወላጆቿ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ብትወለድም አነጋገሯ የእናቷን ቀዬ አልለቀቀም። "እንዴየ፣ ሁልጊዜ ጠበኛ የተባሉት ለምን ነበር?"

ኢቲዳል መሄድ አሳፈራት፤ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

"እኛ ጋ" አለች ዓኢሻ፣ "ወርቅ ቦታ፣ ጉድጓድ በድንጋይ ነው የሚለይ። ይሄ የኔ፣ ይሄ ያንተ። ዝናብ ሲመጣ ውሃ መንገድ ይቀይራል፤ ድንጋይም ይቀየራል። ሼኽ ሱለይማን ነው የሚቀይር። ድሮ እኛ እየሠራን እሱ ይቀይር ነበር። ድንጋይ ያነሣል፤ ይሄዳል፣ አምስት እርምጃ፣ ስድስት እርምጃ፤ ያስቀምጣል። እኔ እጄን ውሃ ውስጥ አስገባሁ፤ ቀና ስል ድንጋይ የለም! የት አለ? ሼኽ እጅ ላይ ነው። አሮጌው ቦታ የለም፤ አዲሱ ገና አልመጣም። ከዚያ ጠብ።"

"ሌሎቹስ አይጣሉም?" አለች ሸዋሉል።

"ሌሎቹ ቀስ ነው። አንድ ጊዜ ያጥባል፣ ያወራል፣ ይስቃል። እጃቸው ውሃ ሲደርስ ድንጋይ ተቀምጧል። እኔ ፈጣን ነኝ፤ ሁልጊዜ እጄ መሃል ላይ ይገባል። ሰው ሁሉ ዓኢሻ ጠበኛ ነው አለ። ወላሂ ጠበኛ አይደለሁም። እጄ ፈጣን ነው!"

ኢቲዳል ከአግዳሚው ተነሣች። ለምን እንደተነሣች ግን አላወቀችም።

"አንድ ቀን በዚያ ጠብ ግድግዳው ተናደ፣ ወገቤ ላይ። ከዚያ ሼኽ ሕግ አወጣ። ድንጋይ ከመንካቱ በፊት ይጮሃል፤ 'እጅ ከውሃ!' ይላል። ሁሉም እጁን ያወጣል፣ ገበቴውን ይደፋል። የሚነሣውም፣ የሚቀመጠውም ድንጋይ ሁሉ ያልቃል። ከዚያ አንድ ጊዜ 'ግቡ!' ይላል። ኸላስ። ከዚያ በኋላ ዓኢሻ ተጣልቶ አያውቅም።"

"አክስቴ" አለች ኢቲዳል፣ "እሱን እንደገና ንገሪኝ። ድንጋዩ እጁ ላይ ሲሆን።"

"ምን ሆንክ አንተ? ፊትህ አመድ ሆነ።"

ያ ቅጽበት ነበር የጠፋባት። ፕሮግራሟ ካርታውን ሲያርም መጀመሪያ የድሮውን መስመር ይሰርዛል፤ ቀጥሎ ሰፊውን አዲስ መስመር ይጽፋል። ከመሰረዙ እስከ መጻፉ ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ሺህ ጊዜ ያንሳል። በዚያች ጊዜ ግን ቦታው የለም። ከአራቱ ፕሮሰሰሮች አንዱ በዚያችው ቅጽበት እጁን ወደዚያ ከሰደደ፣ ያገኘው ባዶ ነው፤ ማሽኑም ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ይቆማል። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲነበብ ልክ ነው። ስህተቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር፣ ምንም ባልተጻፈበት ቦታ። ደባልቄ ፊደል ሲፈልግ አራቱ ፕሮሰሰሮች እያንቀላፉ ይውላሉ፤ ሜሞሪ የሚበደርም የለም። ሸዋሉል ግን በሁለት እጇ እየጻፈች፣ አንዱን ካርድ ስታትም ሌላውን ስትከፍት፣ አራቱንም ታሠራለች፤ ሜሞሪ ያንሳል፣ ካርታው ይቀየራል። ማሽኑ የሚቆመው በደንብ በምትሠራበት ሰዓት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ገና ግምት ነው። በግምት አንድ ጊዜ ፈርማለች።

"ሸዋሉል" አለች፣ "ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ኪቦርዱ ላይ እንድትቀመጪልኝ እፈልጋለሁ። እንደዚያ ቀን አድርገሽ እንድትሠሪ።"

"እና ሲቆምስ?"

"እንዲቆም ነው የምፈልገው።"

ሸዋሉል የከርከዴውን ክዳን ቀስ ብላ አጠበቀች። "አዬ! እና ዘጠኝ ሰዓት ላይ 'ዛሬም አቆመችው' ልትይ? እስካሁን ያረግሽኝ አልበቃሽም? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ 'ምን ሆኖ ነው?' ብለሽ ሳትጠይቂኝ ነው የፈረምሽብኝ። እኔ ወረቀት ላይ ስሜን ያየሁት እንደ ሌላ ሰው ነው።"

ኢቲዳል ያን የታጠፈ ሪፖርት አወጣች፤ አግዳሚው ላይ ዘርግታ በጀርባው ጻፈች፦ "ዛሬ በምሳ ሰዓት ሸዋሉል የምትሠራው በእኔ ጥያቄ፣ የሕመምተኛ መዝገብ በሌለበት ግልባጭ ማሽን ላይ ነው። ቢቆም ኃላፊነቱ የእኔ ነው።" ፈረመችና ሰጠቻት።

ሸዋሉል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና "ተነሺ እንግዲህ" አለች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የካርድ ክፍሉ መስኮት ለምሳ ተዘጋ። ደባልቄ ዳቦውን ይዞ ቀረ፤ ዓኢሻም ሐኪሙ ምሳ እስኪበላ ብላ ገብታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ኢቲዳል የማሽኑን ግልባጭ አስነሣች፤ ፕሮግራሟ እያንዳንዱን ስረዛና እያንዳንዱን ጽሑፍ ከነሰዓቱ እንዲመዘግብ አደረገች። ሸዋሉል ከቁም ሣጥኑ የአሮጌ ወረቀት ካርዶች ክምር አወጣች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ጀመረች።

ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያለ። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ እጇን አታየውም። ደባልቄ ማኘኩን አቆመ።

"ማሻአላህ" አለች ዓኢሻ። "ይሄ ነው እጅ።"

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ሸዋሉል እሳት እንደነካት እጇን አነሣች።

"ኧረ! ያው! አላልኩም?" አለ ደባልቄ።

ኢቲዳል የእሱን ቃል አልሰማችም። መዝገቡን ከፍታ የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ጮክ ብላ አነበበች። "የድሮው ቦታ ተሰረዘ። ፕሮሰሰር ሦስት፦ የፈለግኩት ቦታ የለም። አዲሱ ቦታ ተጻፈ።" እንደገና አነበበችው።

ሸዋሉል ከወንበሯ ሳትነሣ ጠየቀች። "አዲሱ ቦታ ዘግይቶ መጣ ማለት ነው?"

"ዘግይቶ መጣ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ዓኢሻ፣ ነገሩ አሁን የገባት ይመስል፣ "ሼኽ አልጮኸም" አለች።

እርማቱ በወሬ ቀላል ነው። ካርታው ከመነካቱ በፊት ፕሮሰሰሮቹን አቁም፤ የሚሰረዘውንም የሚጻፈውንም ጨርስ፤ ከዚያ ሁሉንም በአንዴ ልቀቅ። ኢቲዳል ግማሽ ሰዓት ያህል አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደባልቄ የሕዝቡን መስኮት ከፍቶ በዋናው ማሽን ሥራውን ጀመረ፤ ሸዋሉል በጎን ጠረጴዛ በግልባጩ ላይ ቀጠለች። በስምንተኛው ደቂቃ እንደገና ቆመ።

ኢቲዳል እጇን ጸጉሯ ውስጥ ከተተች። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ምናልባት ሙሉ ነጥቡን የሰጣት መምህር ሳያነበው ይሆናል የሰጣት፤ ምናልባት ሰባቱ ዓመት እንዲሁ ነው ያለፈው። መዝገቡን ከፈተች። የሚሠሩት ሦስቱ ፕሮሰሰሮች ቆመዋል። ያቋረጠው አራተኛው ነው፤ ሥራ ስላልነበረው ተኝቶ ነበር፣ እሷም የተኛ ምን ያቆመዋል ብላ አልፋዋለች። በመካከል ነቅቶ ነው የገባው።

"የሚሠሩትን ሁሉ አቁሜያለሁ እኮ!" አለች ለራሷ፣ ግን ጮክ ብላ።

"የተኛውስ?" አለች ዓኢሻ ከጥጉ።

"ምን?"

"ጥላ ሥር የተኛ ሴት አለ፣ ሁልጊዜ አለ። ሼኽ ሱለይማን እሱንም ቀስቅሶ 'እጅ ከውሃ' ይለዋል። ተኝቷል ብለህ ከተውክ በመሃል ይነሣል፣ ዓይኑን እያሸ ይገባል።"

ሸዋሉል ሳቋ አመለጣት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ወደ ኢቲዳል ዞራ ሳቀች። "አንተን ነው የገለጹት፣ ደባልቄ!"

"እኔ መቼ ተኛሁ?" አለ ደባልቄ ጣቱ አየር ላይ እንዳለ፤ ከመስኮቱ ውጭ ያሉትም አብረው ሳቁ።

የቀረው አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሸዋሉል እንደገና ጀመረች። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ኢቲዳል መዝገቡን እያየች ካርታው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት ጊዜ። በእያንዳንዱ አራቱም ቆሙ፣ ተቀየረ፣ አራቱም ገቡ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ሰው አይሰማውም። ሠላሳ ደቂቃ። ሸዋሉል የመጨረሻውን አሮጌ ካርድ ከፍታ ዘጋችና ጣቶቿን አንቋቋች።

"ሌላ ወረቀት የለም?" አለች።

የስብሰባው ክፍል ሞቃት ነበር። አቶ ይልቃል መሃል፣ የሠራተኞች ተወካዩ ዲሳሳ በቀኙ ተቀምጠዋል። ኢቲዳል ሦስቱን መስመሮች አትማ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ዲሳሳ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። አቶ ይልቃል መነጽሩን አወለቀ።

"መልካም" አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። "እንግዲህ የቀድሞው ሪፖርት ውድቅ ተደርጓል ብለን እንያዝ። የወይዘሮ ሸዋሉልን ወደ ሥራ መመለስ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ አይተን እንወስናለን።"

"የሚቀጥለው መቼ ነው?"

"ወር ሲሞላ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። አንዱን ስናነሣ ሌላው በራሱ ጊዜ ይተካል።"

ኢቲዳል ሸዋሉልን አየቻት። ሸዋሉል እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች።

"በመሃሉ እሷ ምንድን ናት?"

"እንዴት ማለት?"

"ጥፋተኛ አይደለችም፣ ሠራተኛም አይደለችም። ጠዋት ብትመጣ ዘበኛው በየትኛው ወረቀት ያስገባታል? አቶ ይልቃል፣ ማሽኑን ያቆመው እኮ ይኸው ነው። አንዱን ሰርዘን ሌላውን ሳንጽፍ አንነሣ። መሰረዙም መመለሱም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ፊርማ ይሁን። አሁን።"

"ዱጋ!" አለ ዲሳሳ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። "እውነቷን ነው። እኔም ከወንበሬ አልነሣም፣ ብትፈልጉ እራት አስመጡልኝ።"

አቶ ይልቃል ተነፈሰ። ጸሐፊዋን ጠርቶ አስጻፈ። ምክንያት ከሚለው ላይ ሲደርስ ወደ ኢቲዳል ጠጋ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "'ቴክኒካዊ ችግር' እንበለው። ማንም አይጎዳም። ስም ከገባ ማህደርሽ ውስጥ ይቀመጣል። ነገ ውጭ አገር ለሥራ ብታመለክቺ ይጠይቁሻል። ልጅ ነሽ፣ አስቢበት።"

ኢቲዳል አሰበች። አልጋዋ ሥር በግማሽ የታጨቀውን ሻንጣ አሰበች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፤ ምክንያት ከሚለው አጠገብ በእስክሪብቶ ጻፈች፦ "ጥፋቱ በእኔ በኢቲዳል የተጻፈው ፕሮግራም ነው። ያለማጣራት ሪፖርት የጻፍኩትም እኔ ነኝ።" ፈረመችና ገፋችለት።

ውጭ የማንጎው ጥላ ረዝሟል። ዓኢሻ መድኃኒቷን በፌስታል ይዛ ከባጃጅ ነጂ ጋር ትከራከራለች። ሸዋሉል ከነጠላዋ ጫፍ ያን ወረቀት ፈታ ለኢቲዳል ዘረጋችላት።

"ይኸው፣ ያንቺ ነው።"

"ያዢው። ይቅርታ ነው ያለብኝ፣ ሸዋሉል። እንዴት እንደምልሽ..."

"ነገ ሁለት ሰዓት እገባለሁ" አለች ሸዋሉል። ወረቀቱን መልሳ ቋጠረችው። "ያ ደባልቄ የወንበሬን አንድ ጎማ ሰብሮታል። እስከዚያ አሠሪልኝ።"

በማግስቱ ጠዋት የታረመው ፕሮግራም ዋናው ማሽን ላይ ገባ፤ ወንበሩም በአዲስ ጎማ ቆመ። ሰልፉ በአራት ሰዓት አለቀ። ኢቲዳል የሰርቨር ክፍሉን በር ክፍት ትታ፣ የኪቦርዱን ድምፅ እየሰማች፣ በፕሮግራሙ ፋይል አናት ላይ ከራሷ ስም ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ "የካርታ ለውጥ ሥርዓት፦ በዓኢሻ፣ መንጌ።" ከዚያ ለኢዝሚሩ መምህሯ በእሱ ቋንቋ ጻፈች።

"ሙሉ ነጥብ የሰጡኝ ሥራ ገጽ አርባ አንድ ላይ ስህተት አለው። ካርታው በሚቀየርበት ጊዜ የሚሠራውንም የተኛውንም ማቆም ነበረብኝ። እርማቱን አያይዤዋለሁ። ያሳየችኝ አክስቴ ናት፤ ወርቅ ታጥባለች። ሌሎች ተማሪዎች በዚሁ ፕሮግራም እየሠሩ ከሆነ እባክዎ ይንገሯቸው። ነጥቡን ቢቀንሱትም አልከፋም። እኔ ደህና ነኝ፤ አሶሳ ነኝ።"

ላከችው። በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ገና ባልዲውን ሳትደፋ የኢሜይል ሳጥኗን ትከፍት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዘለለች። ዝናቡ መንጌን ሲያጥለቀልቅ፣ ዓኢሻ ድንጋዮቹ ተቀየሩ ብላ ስትደውል፣ ከኢዝሚር ገና ምንም አልመጣም ነበር፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።